የፋሲካ አበባና የድንጋይ መደብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሐሙስ ዕለት ግቢዬ በረዶ ለብሶ ነው ያደረው። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ በረዶው ከድንጋዮቹ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ከትልቁ ድንጋይ በስተደቡብ ሦስት ሐምራዊ አበቦች አንገታቸውን ደፍተው ቆመው አገኘኋቸው። ግንዳቸውና ቅጠላቸው፣ ያልተከፈተው እንቡጥ ሳይቀር፣ በለሰለሰ ነጭ ጸጉር ተሸፍኗል። ጋቢ የደረቡ ይመስላሉ። እዚህ አገር ፓስክ ፍላወር ይሏቸዋል። ፓስክ በድሮ ፈረንሳይኛ ፋሲካ ማለት ነው፤ ያ ቃልም የእኛም ፋሲካ ሥራቸው አንድ ነው፣ የዕብራይስጡ ፔሳሕ። ስለዚህ የፋሲካ አበባ ብዬ ስጠራቸው አዲስ ስም እያወጣሁ አይደለም። ሁዳዴው መሐል ላይ ያብባሉ፤ አንዳንድ ዓመት እስከ ትንሣኤ ይቆያሉ።

ስለ እነዚህና ስለ ዘመዶቻቸው እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ቤት የገዛችሁ ብዙ ናችሁ። ከቤቱ ጋር ሣሩን ገዛችሁ፤ ሣሩ በሐምሌ ይቃጠላል፣ የውኃው ሒሳብ ይጨምራል። ዴንቨርና አካባቢዋ በዓመት የሚያገኙት ዝናብና በረዶ ተደምሮ ከ400 ሚሊሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ከ1000 በላይ ታገኛለች። ከተማችን ራሷ በፈረንጆቹ 2022 በአዳዲስ ግንባታዎች የሚተከለውን ሣር የሚገድብ ደንብ አውጥታለች። እኔ የምለው፣ ከዚያ ሣር ላይ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ብቻ ቆርጣችሁ ለድንጋይ መደብ ስጡት፤ የተራራ አበባ በድንጋዮች መካከል የሚተከልበት መደብ ማለቴ ነው።

ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የተራራ አበባን ብርድ አይገድለውም። የሚገድለው የሰባ አፈርና ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው።

ይህን የተማርኩት ገድዬ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሃያ አንድ ችግኝ ገዛሁ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ጫማ ይነቅላል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። እናቴ ደብረ ብርሃን ጓሮዋን እንደምታደርገው ፍግና ብስባሽ ቀላቀልኩበት፣ ማታ ማታም ውኃ አጠጣሁ። እስከ ኅዳር አማረብኝ። የካቲት ላይ በረዶው ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት መልሶ ይጋገራል፤ ውኃው መውጫ አጥቶ ዋልካው ውስጥ ቀረ። መጋቢት ላይ ችግኞቹን ሳነሣቸው ሥራቸው በእጄ ላይ ሟሟ። አንድም አልተረፈም። ለጎመን የሚበጀው ደግነት ለእነሱ ሞት ነበር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ተራራ ወጥቼ ነው። ማውንት ብሉ ስካይ ላይ የመኪናው መንገድ ከ4300 ሜትር በላይ ይወስዳችኋል። ከ3500 ሜትር ገደማ በኋላ ዛፍ የለም። መሬት ላይ ተንበርክካችሁ ብታዩ፣ የትራስ ቅርጽ ያላቸው፣ ከጣት ቁመት የማያልፉ ተክሎች ድንጋዩን ተጠግተው ተኝተዋል። ከመካከላቸው ሳይሊን አኮውሊስ የሚባለው ሮዝ አበባ ያለው ነው። ላዩን ስታዩት እፍኝ አይሞላም፤ ሥሩ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፣ ዕድሜውም ከ100 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። አጭር የሆነው ከነፋሱ ለመሸሽ ነው። ትራስ የሆነው ሙቀቱን ይዞ ለማቆየት ነው። የቆመበት ደግሞ አፈር ከማለት ጠጠር ማለት ይቀላል፤ ውኃ ይመጣል፣ ያልፋል።

እንግዲህ የግቢያችን ሥራ ያንን ጠጠር መሥራት ነው። ዋልካውን አትቆፍሩ፤ ከላዩ ከፍ አድርጉ። እኔ ከጉልበት በታች፣ ወደ አርባ ሳንቲሜትር የሚሆን ክምር ሠራሁ፤ ግማሹ ደቃቅ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ ቀሪው ተራ አፈር፣ ፍግ የለውም። ድንጋዮቹን ሲሶ ያህል ቀበርኳቸው፤ ላይ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ለሥርም አይጠቅምም። ጀርባቸውን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት፣ የሚወርደው ጠብታ ወደ ውስጥ እንዲገባ። ከተከላችሁ በኋላ በየተክሉ አንገት ዙሪያ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ጠጠር ጎዝጉዙ። ያ ጉዝጓዝ አንገቱን ደረቅ ያደርገዋል፣ አረምንም ይቀንሳል፣ ከታች ያለውንም እርጥበት ይይዛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የትግራይ ገበሬ ከማሳው ላይ ድንጋዩን ሁሉ አይለቅምም፤ ድንጋይ አፈሩን ከጎርፍና ከፀሐይ እንደሚጠብቅለት ያውቃል። የኮንሶ እርከን እዚያ የቆመው በድንጋይ ነው።

ውኃን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሥር እስኪይዙ አጠጧቸው። በረዶ ሳይወርድ ብዙ ሳምንት በሚያልፍበት ክረምትም በወር አንድ ቀን፣ ሞቅ ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ስጧቸው። ከዚያ በኋላ እጃችሁን መሰብሰብ ተለማመዱ።

ምን ይተከላል? በየካቲት መጨረሻ ትናንሾቹ አይሪሶች ይጀምራሉ፤ ቁመታቸው ከስንዝር ያንሳል፣ ሰማያዊ ናቸው። ከዚያ የፋሲካው አበባ ይመጣል። ሲረግፍ ደግሞ ዘሩ የብር ክር የመሰለ ጭራ አውጥቶ ሌላ ወር ያምራል። አደራ፣ አንዴ ከተከላችሁት ከቦታው አታንቀሳቅሱት፣ ሥሩ ሲነካ ይቀየማል፤ ፈሳሹም መርዝነት ስላለው ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ተጠንቀቁ። በሚያዝያ ፍሎክስና ኦብሪየታ ድንጋዩን እንደ ስጋጃ ያለብሱታል። በግንቦት መጨረሻ የኮሎራዶ መለያ የሆነው ሰማያዊና ነጭ ኮሎምባይን ይከተላል።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ ጎረቤቴ ጦስኝ ከአገር ላስመጣ ብለው ጠየቁኝ። ያለ ፈቃድ ተክልም ሆነ ዘር ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቢገባም አይዘልቅም። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይሞቃል፣ እንዲህ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል። ለወራት የሚዘልቅ የበረዶ ወቅት የእኛ ጦስኝ አያውቅም። ግን ዘመዱ፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ታይም፣ እዚህ በየችግኝ ጣቢያው ይሸጣል። በድንጋዮች መካከል ትከሉት፣ ስትረግጡት ሽታው ይነሣል። ለእኔ ያ ሽታ ይበቃኛል።

ሌላም ዘመድ አለ፣ እሱ እንኳ የቅርብ ነው። አራቢስ አልፒና የሚባል ነጭ አበባ አለ፣ ከጎመን ወገን ነው። አውሮፓውያን በድንጋይ መደባቸው ላይ ይተክሉታል። ይኸው ተክል በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይም ይበቅላል፣ ማንም ሳይተክለው። ተመራማሪዎች ዘረመሉን ሲከታተሉ መነሻው ትንሿ እስያ ሆኖ አግኝተውታል፤ ከዚያ ወደ አልፕስም፣ ወደ እኛም ተራሮች ደረሰ። መደቤ ላይ የካውካሰስ ዘመዱን ተክያለሁ። ሚያዝያ ላይ ሲያብብ አጠገቡ ወንበር አወጣለሁ።

በሰሜን በኩል ጥላ ያለው ግቢ ያላችሁ ቅር አይበላችሁ። እዚያ የጫካ አበቦች ቦታ ነው። ኮሪዳሊስ፣ ሄፓቲካ፣ ሄለቦር የሚባሉት ከዛፍ ሥር የለመዱ ናቸው፤ ዛፉ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ያለውን ብርሃን ተሻምተው ያብባሉ። ኮሪዳሊስ በሰኔ ጠቅልሎ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ሞተ ብላችሁ ቦታውን እንዳትቆፍሩት። ለእነዚህ የቅጠል ብስባሽ ያስፈልጋል፣ ከተራራዎቹ የሚለዩት በዚህ ነው። በእነሱ የምወደው የዘራቸውን ነገር ነው። በዘሩ ላይ ቅባት ያላት ትንሽ ቁራጭ ተለጥፋለች፤ ጉንዳን ለእሷ ብሎ ዘሩን ተሸክሞ ጎጆው ያደርሳል፣ ቅባቷን በልቶ ዘሩን ይጥላል። አንድ ቦታ የተከልኩት ኮሪዳሊስ በሦስተኛው ዓመት ከእግረኛ መንገዱ ማዶ በቀለ። እኔ አልወሰድኩትም።

ልታዩ የምትፈልጉ ዴንቨር ውስጥ ዮርክ መንገድ ላይ ያለውን ዴንቨር ቦታኒክ ጋርደንስ ሂዱ። የድንጋይ መደቡን ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለማው ፓናዮቲ ኬላይዲስ የግሪክ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የብዙ አገር ተራራ አበቦችን በአንድ ግቢ ሰብስቧል፣ ከሌሶቶና ከደቡብ አፍሪካ ተራሮች የመጡትን ጭምር። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሚያዝያ ላይ።

ከተራራ ላይ ግን አትንቀሉ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ተረግጦ የጠፋን ትራስ ለመመለስ የአንድ ሰው ዕድሜ ላይበቃው ይችላል። የመንዝ ሰው ጓሳውን በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ እያቆየ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ያጭድ እንደነበር ከእኔ በላይ የምታውቁ አባቶች እዚህ አላችሁ። ከችግኝ ጣቢያ ግዙ፣ ወይም ከዘር አብቅሉ። ዘሩን በታኅሣሥ በጠጠር በሞላ ማሰሮ ዝሩና ውጭ ተዉት፤ አብዛኞቹ ብርዱን ካላዩ አይነቁም።

በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከራሴ ዘር ያበቀልኳቸው ሠላሳ ስድስት የፋሲካ አበባ ችግኞች አሉ። በየቤቱ አንድ ውሰዱ። ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይጥላል ተብሏል፤ ችግኙን ደጃፋችሁ ላይ አሳድሩት እንጂ ወደ ቤት አታስገቡት።