በሞቴ ብላልኝ

(በነርሶች ቀን ድሬዳዋ ላይ ለባልደረቦች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ። ስለ ሙያችን ክብር እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። ልቤ ውስጥ ያለው ግን አንድ ሰው ነው።

ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት ነው። ሰውዬው ቲቢ ጎድቶት፣ ከ2 ሳምንት በላይ ከውሃ በቀር የረባ ነገር ሳይቀምስ መጣ። 38 ኪሎ። ግሉኮስ ሰቀልንለት። በማግስቱ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ "ራበኝ" አለ። እህቱ እልል አለች። ከመጋላ ማር የፈሰሰባት ፈጢራ ይዛ መጣች፤ ማታ ደግሞ የፍየል መረቅ። "በሞቴ ብላልኝ" እያለች ታጎርሰዋለች። አጠገቧ ቆሜ "ጎበዝ፣ ጨርሰው" ያልኩት እኔ ነኝ። በ3ኛው ቀን እግሩ አበጠ። ትንፋሽ አጠረው። የልብ ምቱ ተዘበራረቀ። ሳይነጋ አረፈ። እህቱን "በሽታው ነው" አልናት። አመነችን።

በሽታው ብቻ አልነበረም፤ ድንገት የገባው ምግብም ነበር። የተራበ ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ነው የሚቆየው። ስኳር ድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ደም ውስጥ የቀሩትን ማዕድናት፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምን፣ ጠራርጎ ወደ ሴል ያስገባል። ልብ ያለ እነሱ በወጉ አትመታም። ቫይታሚን ቢ 1 ከሌለ ደግሞ ስኳሩ ራሱ በትክክል ጉልበት አይሆንም።

ይህን አናውቅም እንዳትሉኝ! ሕፃናት ክፍል በየቀኑ እንሠራዋለን። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች የሆነ፣ የታመመ ሕፃን ሲተኛ መጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለው ቀለል ያለ የሕክምና ወተት ነው፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ትንሽ ትንሽ። ፕላምፒነት፣ ያ ከኦቾሎኒ የሚሠራው ገንቢ ምግብ፣ የሚመጣው ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው። እናቱ ብታለቅስም አንቸኩልም። ታዲያ ኮሪደሩን ተሻግረን አዋቂዎች ጋ ስንደርስ ይህ እውቀት የት ይገባል? የአዋቂ ልብ ልብ አይደለም?

እንዲህ ለተጎዳ አዋቂ መነሻው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 10 ካሎሪ አካባቢ ነው። ለዚያ ሰው ቢበዛ 380። ያቺ ፈጢራ ብቻዋን ትጨርሰዋለች።

ስለዚህ ቢ 1 ከግሉኮሱ ይቅደም። ፖታሲየም ይታይ። ፎስፌት የሚለካ ላብራቶሪ በሌለበት እንዲሟላ እንጠይቅ፤ እስኪመጣ ትንፋሽና እብጠት ማየት የሚከለክለን የለም።

አስታማሚዋንም ገና ሲገቡ ቁጭ ብለን እናስረዳት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በምትሰማው ሁሉ። ያቺን እህት ማንም አልነገራትም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።