ውዳሴ ብድር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ቡናዬ ብቻ ነን።

ስለ አንድ ቀልደኛ ደራሲ ነው የማወራችሁ፤ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከ300 ድርሃም ነው። ሻርጃ እያለሁ አንድ የሀገሬ ልጅ «ደሞዝ እስኪገባ» ብሎ ተበደረኝ። ደሞዝ ገባ። አለቀ። ደግሞ ገባ። ልጁ የለም። ስደውል አያነሳም፤ ካነሳ ደግሞ ወሬው ጣፋጭ ነው፣ ስልኩን ስዘጋ ገንዘቤን አለመጠየቄ ትዝ ይለኛል። አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስነጫነጭ፣ አብሮኝ የሚኖረው ህንዳዊ ከት ብሎ ሳቀ። «አፑላ አፓራው!» አለኝ።

ስድብ መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ የራጃሙንድሪ ልጅ ነው፤ ደቡብ ህንድ፣ ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር። አፉን የፈታው በቴሉጉ ነው። እኔ ህንድ ሁሉ ሂንዲ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ቴሉጉ ግን ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው፣ ለካ። እና በቴሉጉ «አፑ» ማለት ብድር ነው። አፓራው ደግሞ እንደኛው ከበደ የተለመደ የወንድ ስም። አያችሁ? ሰውየው ገና ስሙ ሲጠራ ዕዳ አለበት።

ይህን አፓራውን የፈጠረው ሙላፑዲ ቬንካታ ራማና ይባላል። አፓራው ብድርን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነው። አያፍርበትም፤ ይራቀቅበታል። የመጽሐፉ ርዕስ «ሩናናንዳ ላሃሪ» ነው። ሩና ዕዳ፣ አናንዳ ደስታ፣ ላሃሪ ማዕበል። እዚያ ደግሞ «ሺቫናንዳ ላሃሪ» የሚባል ለሺቫ የተደረሰ ጥንታዊ የምስጋና መዝሙር አለ። ራማና አምላኩን አውጥቶ ዕዳውን አስገባበት። እኛ ሀገር አንዱ ተነስቶ «ውዳሴ ብድር» ብሎ ቢጽፍ ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲያስረዳኝ ነው የሳቅኩት። በራሴ 300 ድርሃም ላይ።

ራማና የተወለደው በፈረንጆቹ 1931 ዳቫሌስዋራም ነው፣ ጎዳቫሪ የተገደበበት ከተማ። አባቱ በልጅነቱ ሞቱ። እናቱ ይዘውት ማድራስ ገቡ፤ የዛሬዋ ቼናይ። ችግርን በደንብ ያውቀዋል። ኮሌጅ አልበጠሰም። ያገኘውን ሲሠራ ቆይቶ በ1954 «አንድራ ፓትሪካ» ጋዜጣ ላይ ምክትል አዘጋጅ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ ይህ ሁሉ ያለፈበት ሰው ስለማጣት ሲጽፍ እንድታለቅስለት አይለምንህም። ባዶ ኪስ እሱ ዘንድ የጨዋታ መጀመሪያ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ሦስት ቅጽ ሙሉ አለቅስ ነበር።

ጓደኛዬ ግን ከአፓራው ይልቅ ቡዱጉን ነው የሚወደው። ቡዱጉ ትንሽ ልጅ ነው፤ በ1950ዎቹ በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ይወጣ ነበር። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው። ስሜ ቡዱጉ ነው፣ ሌላው ስሜ ፒዱጉ ነው ይላል። ፒዱጉ መብረቅ ማለት ነው። ትክክለኛው ስሜ ረጅም ነው፣ ከፈለጋችሁ እናቴን ጠይቁ ይላችኋል። ሰውን የሚጠራበትን ደግሞ ስሙ፦ ባለ ሁለት ሹሩባዋ ሲታ። የጎረቤታችን የወፍራሟ አክስት ባል። ሰውየው ሌላ ስም የለውም፣ በቃ የወፍራሟ አክስት ባል ነው። «ባል» የምትለዋን ቃል ራሷን አጣሞ ነው የሚጠራት። የመጽሐፍ ቴሉጉ እዚህ ቦታ የለውም፤ ልጅ እንደሚያወራው ነው የተጻፈው። ይህንን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መከራውን ነው የሚያየው።

ቡዱጉን የሳለው ባፑ ነው። እሱም ከልጅነት ጓደኛው። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ሳለ። ቆንጆ ሴት ሲያዩ ቴሉጉዎች እስከዛሬ «ባፑ ቦማ» ይላሉ፣ የባፑ ሥዕል። በ1967 «ሳክሺ» በተባለ ፊልም አብረው ሲኒማ ገቡ፤ ራማና ይጽፋል፣ ባፑ ያዘጋጃል። ቤተሰቦቻቸውም አንድ ቤት ውስጥ አብረው ኖሩ። ገንዘብ ባለበት የፊልም ሥራ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ሳይጣሉ! እኔ ከአንድ ሰው ጋር በ300 ድርሃም ተኮራርፌ…

ይቅር።

ራማና ሲያረጅ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። «ኮቲ ኮማቺ» አለው። ኮቲ ጦጣ ነው፤ ልጆች ዛፍ ላይ እየወጡ የሚባረሩበት ጨዋታ ስም ነው። መጽሐፉም እንደዚያው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ሁለተኛውን ቅጽ ደግሞ «ኢንኮቲ ኮማቺ» አለው። «ኢንኮቲ» ስትሰሙት «ሌላ አንድ» ነው፤ እሱ ሲጽፈው «ሌላ ጦጣ» ሆነ። ሰባ ሊሞላ ሳይሆን ሰማንያ ሊሞላው ነው ይህን የሚያደርገው! የካቲት 2011 አረፈ። የጻፈው «ሽሪ ራማ ራጅያም» የተባለው ፊልም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወጣ፤ ባፑ ነው ያዘጋጀው። ባፑም በ2014 ተከተለው።

ከሻርጃ ከወጣሁ ቆየሁ። ጓደኛዬ አንዳንዴ በዋትስአፕ ቡዱጉን በድምፁ እያነበበ ይልክልኛል፣ በቴሉጉ። አንድም ቃል አይገባኝም። ድንገት ሳቁ ያመልጠውና ማንበቡን ያቆማል። ያኔ አውቃለሁ፤ የወፍራሟ አክስት ባል መጥቷል።