መልእክቱን ተዉትና ምን ተሰማችሁ?

እንደምን አመሻችሁ! ኋላ በር ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ፣ ፊት የተቀመጠ ሰው ጥያቄ አይጠየቅም፣ ቃሌ ነው።

አዘጋጆቹ ፊልሞቹ ከመጀመራቸው በፊት ትንሽ አውራ ሲሉኝ እንዳልቀባጥር ብዬ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ስለዚህ ወረቀት እያየሁ ባወራ አትፍረዱብኝ። ላወራ የመጣሁት አጭር ፊልም አይተን ስለሚሰማን ነገር ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን እንዲህ አይነት ምሽቶች ላይ እንደታዘብኩት የተሰማንን መናገር ላይ በጣም ደካሞች ነን። ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ ማይክ ይዞራል፣ የመጀመሪያው ሰው ይነሳና «በቅድሚያ አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ፣ ፊልሙ ሊያስተላልፍ የፈለገው መልእክት…» ብሎ ይጀምራል። ቀጣዩም መልእክቱን ያብራራል። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ መልእክቱን ትንሽ ለየት ባለ መልኩ ነው የተረዳሁት» ይላል። በቃ የማትሪክ መልስ የምንተራረም ነው የሚመስለው። ያ መጀመሪያ የተናገረው ሰውዬ እኮ ከአምስት ደቂቃ በፊት በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ! እሱን ግን አይነግረንም።

እኔ ዛሬ የምለምናችሁ የእጅጌዋን ነገር እንድትነግሩን ነው።

አጭር ፊልም ላይ ይሄ ነገር ለምን ይብሳል? ረጅም ፊልም ጊዜ ይሰጥሃል። ሁለት ሰዓት ከሰዎቹ ጋር ትቀመጣለህ፣ ትለምዳቸዋለህ፣ ሲያለቅሱ ታለቅሳለህ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን አስተካክሎ፣ አረጋግቶህ ነው የሚሸኝህ። አጭሩ እንደዛ አያደርግም። ኦስካር ላይ አጭር ፊልም ለመባል ከነስም ዝርዝሩ ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፣ ብዙዎቹ ደሞ ከዛም በጣም ያንሳሉ፣ ስምንት ደቂቃ አስራ ሁለት ደቂቃ። ሰውየውን ገና መውደድ ስትጀምር አለቀ። የቀረውን ይዘህ ወደ ቤት የምትሄደው አንተ ነህ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህም እሱን ነው የምታስበው፣ እራት ቀርቦልህም እሱን።

ሲጀመርም እኮ ፊልም ማለት አጭር ፊልም ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ግራንድ ካፌ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ሰው ያሳዩት አስር ፊልም ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከፋብሪካ የሚወጡ ሠራተኞች፣ ሲመገብ የተቀረጸ ሕፃን፣ አትክልት የሚያጠጣ ሰውዬ ላይ የሚቀልድ ልጅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ትንሽ ቆይቶ የመጣው የባቡር ፊልም ላይ ተመልካቹ ሊገጨን ነው ብሎ ከወንበሩ ተነስቶ ሮጠ የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ የታሪክ አጥኚዎች ወሬው ተጋንኗል ይላሉ። የኛዎቹስ? አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ለተከፈተው ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። አያችሁ፣ መልእክቱ ምንድነው ብሎ የተጨነቀ የለም። ፈሩ፣ ፈራን አሉ። ከኛ በላይ ሐቀኞች ነበሩ።

እስቲ ደሞ ይቺን ስሙኝ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ ፊልም ሠሪ አደረገ የሚባል አንድ ሙከራ አለ። ሞዙኪን የሚባል በዘመኑ ዝነኛ የነበረ አክተር ፊት፣ ምንም የማይነበብበት አንድ ሾት ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ልጅ ጋር፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ «ሾርባው ላይ ሲያፈጥ እንዴት ርቦታል! ለልጅቷ እንዴት አዘነ! ሴትየዋን እንዴት ተመኛት!» እያለ አክተሩን አደነቀው። ፊቱ ግን ያው አንዱ ፊት ነው። ረሃቡንም ሐዘኑንም ያመጣው ተመልካቹ ከቤቱ ነው። ስለዚህ «እኔን እንዲህ ተሰማኝ» ስትሉ ከርዕስ እየወጣችሁ አይደለም፣ የፊልሙን ግማሽ እየነገራችሁን ነው፣ ሌላው ግማሽ እስክሪኑ ላይ አለ፣ እሱንማ ሁላችንም አየነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «አባትና ልጅ» የሚል የስምንት ደቂቃ አኒሜሽን አለ፣ ሚካኤል ዱዶክ ዴ ዊት የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የሠራው፣ በ2001 ኦስካር ያገኘ። አንድም ቃል አይነገርበትም። አባት ትንሽ ልጁን አቅፎ ይሰናበትና ጀልባ ላይ ወጥቶ እየቀዘፈ ይሄዳል። አይመለስም። ልጅቷ በሳይክል እየመጣች ውሃው ዳር ቆማ ትመለከታለች፣ በነፋስም በበረዶም ትመጣለች፣ ወጣት ሆና ትመጣለች፣ ባልና ልጆች ይዛ ትመጣለች፣ አርጅታ ትመጣለች። አሮጊት ሆና ስትመጣ ሳይክሏን ልታቆመው ትሞክራለች፣ ይወድቃል፣ ታነሳዋለች፣ ደግሞ ይወድቃል፣ በመጨረሻ ትተወውና ደርቆ ሳር በበቀለበት ሐይቅ ውስጥ መሄድ ትጀምራለች። የቀረውን አልነግራችሁም፣ ሄዳችሁ እዩት።

ይሄን ፊልም ወጣቶች ከተሰበሰቡበት ጋ አሳይተን ነበር። እንደተለመደው ስለ ተስፋ፣ ስለ ጽናት፣ ስለ አባት ፍቅር ተብራራ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ተባለ። ከዛ አንዷ ልጅ፣ እናቷ ቤይሩት ለሥራ የሄደች ልጅ ናት፣ ማይኩን ተቀበለችና «እኔ አላዘንኩም፣ ተናደድኩ» አለች። በማን ስንላት በሳይክሉ። «እስከ ዛሬ ሲቆምላት ኖሮ አሁን ነው እምቢ የሚለው? ለምን አንድ ሰው መጥቶ አይዝላትም?» አዳራሹ ጭጭ አለ። ከዛ በኋላ ስለ ጽናት ያወራ ሰው የለም። አንዱ ዱባይ ካለች እህቱ ጋር በኢሞ ሲያወራ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚጮህ ነገረን፣ እህቱ ላይ አይደለም የሚጮኸው ስልኩ ላይ ነው፣ ሌላዋ ደሞ እናቷ ከላከችላት ልብስ ጋር እንደተጣላች፣ ጠቧት ስለመጣ። እናቷ ስንት ዓመት እንደሞላት ረስታለች ማለት ነው እኮ። ይሄን ሁሉ ያመጣው የወደቀ ሳይክል ነው። ሆላንዳዊው ሰውዬ ስለ ቤይሩትም ስለ ዱባይም አላሰበም፣ ግን ገባን።

ሌላው ከአህጉራችን ነው። «ቦሮም ሳሬት»፣ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1963 ዳካር ላይ የሠራው የ20 ደቂቃ ገደማ ፊልም። ሴምቤን ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ የነበረ፣ ከዛ ልብወለድ የጻፈ፣ ከዛ ሞስኮ ሄዶ ፊልም የተማረ ሰው ነው። ፊልሙ የአንድ ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ለምሳ የሚሆን የለም። የሚጭናቸው ሰዎች አይከፍሉትም። ትንሽ ሳንቲም ሲያገኝ ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ዘፋኝ የአያት የቅድመ አያቶቹን ጀግንነት እያነሳ ያወድሰዋል፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ያለችውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጠዋል።

እዚህ ጋ ሲደርስ የኛ ሰው ሁሌ ይስቃል፣ መሳቅ ብቻ አይደለም እርስ በርሱ ይጎሻሸማል። አዝማሪ ቤት ገብቶ «የነ እገሌ ልጅ፣ የነ እገሌ ዘር» ተብሎ የወር ወጪውን አዝማሪው ግንባር ላይ ያልለጠፈ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ! ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ሳቅ ይመለስና አንጀትህን ይይዘዋል። ጋሪዎች እንዳይገቡ ወደተከለከለው የሀብታሞች ሰፈር ሱፍ የለበሰ ሰውዬ «እኔ ሰው አውቃለሁ፣ ግድ የለህም» ብሎ ይወስደዋል፣ ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ወረቀቱን ሲያወጣ ሜዳልያው መሬት ላይ ይወድቃል፣ ፖሊሱ ይረግጠዋል። ሱፍ ለባሹ ሳይከፍል እብስ። ጋሪው ተወረሰ። ፈረሱን ብቻ እየሳበ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ልጁን ታስታቅፈውና ዛሬ ማታ እንበላለን ብላ ትወጣለች። አለቀ። የት ነው የሄደችው? ፊልሙ አይነግርህም።

ይሄ ፊልም ሲታይ ውይይቱ ቅኝ ግዛት ላይ ይሄዳል፣ ተገቢ ነው፣ ሴኔጋል ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ አባታቸው ደብረ ብርሃን ላይ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ፣ የሁላችንንም ትንተና በትዕግስት ሰምተው ሲያበቁ «ለመሆኑ ፈረሱ በልቷል?» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ሰውየው ሲራብ ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ጎትቶ ነው፣ አባቴ ከኛ በፊት ለፈረሱ ነበር የሚገዛው፣ እኛ በዛ እንናደድበት ነበር» አሉ። እኔ ያን ፊልም ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ፈረሱን ግን እሳቸው እስኪናገሩ አላየሁትም ነበር።

ስለ ሳቅ ካነሳሁ አይቀር። ሲኒማ ቤት በጣም የሚያሳዝን ቦታ ላይ ከኋላ ሳቅ ሲሰማ ብዙ ሰው ይበሳጫል፣ ባለጌ ይላቸዋል። እኔ አልልም። እዛ ጋ የሚስቀው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንባው የመጣበት ልጅ ነው፣ ጓደኞቹ መሀል ነው የተቀመጠው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ነው ያደገው፣ ምን ያድርግ? የሚገርመኝ ግን እኛ ማልቀስ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለቅሶ ቤት ላይ እዩን እስቲ። ሙሾ አውራጇ የሟችን ደግነት በግጥም ስትደረድር ሟችን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ጎረቤት ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። ያ ጎረቤት የሚያለቅሰው ለራሱ ሟች ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይታዘበውም። ታዲያ ሲኒማ ቤት ሲሆን ለምንድነው ፊልሙን ሰበብ አድርገን የራሳችንን ማልቀስ የምናፍረው?

አንድ የማልወደውን ልናገርና ላብቃ። ስሜት ይሰማን ስል በግድ አስለቅሱን ማለቴ አይደለም። ፒያኖ ገና ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ እየተለቀሰበት፣ ልጁ በዝግታ ዞሮ እያየ፣ እናትየው ሳል እየሳለች፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር እስክሪን ላይ «ስደት ይብቃ!» የሚል ጽሑፍ የሚወጣበት ፊልም ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር በብዛት ይሠራል። ቲክቶክ ላይ ደሞ በሠላሳ ሴኮንድ አስለቅሰውህ ወዲያው የዳንስ ቪዲዮ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን እንባው ሊመጣ ይችላል፣ ሽንኩርትም ያስለቅሳል፣ ግን ስታልፈው ምንም ይዘህ አትወጣም። ሴምቤን ፈረሱ በልቷል አልበላም ብሎ ቢነግረን ኖሮ እኚያ ሰውዬ አይጠይቁም ነበር። እዚህ ያላችሁ ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አጥፏት፣ ተመልካቹን እመኑት።

በነገራችን ላይ የተሰማን ነገር ፊልም ይሆናል እኮ። ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ ተማሪ እያለ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይዋ አንጀላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስሮ በቲቪ ያያል፣ ከዛ በሕልሙ ይመጣበታል፣ ያ ሕልም ነው እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው የ36 ደቂቃ ፊልም የሆነው፣ «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ»። ዜና አይቶ መልእክቱን በማስታወሻ ቢይዝ ኖሮ ጥሩ ማስታወሻ ነበር የሚኖረው።

እና ዛሬ እንዲህ እናድርግ። ማይኩ ከኋላ ወንበር ነው የሚጀምረው፣ ምስጋና አያስፈልግም፣ አዘጋጆቹ ምስጋናውን ተቀብለናል ብለዋል። ሆዴ ባባ ማለት ይቻላል፣ ደሜ ፈላ ማለት ይቻላል፣ ሰለቸኝ ማለትም ይቻላል፣ ብቻ የቱ ጋ እንደሰለቻችሁ ንገሩን። ምንም ያልተሰማው ሰው ምንም አልተሰማኝም ይበል፣ ቅር የሚለው የለም። ቅር የሚላቸው ካሉም ሦስት ሰዎች ናቸው፣ የዛሬዎቹን ፊልሞች የሠሩት ልጆች እናንተ መሀል ተቀምጠዋል፣ የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። እንደውም አንደኛው ቅድም ከበሩ ጋ ጠርቼ ፊት ካስቀመጥኳችሁ ውስጥ አለ፣ ጥያቄ አትጠየቅም ብዬው ስለነበር አሁን እያየኝ ነው።