መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዋፑ የት ሄደ?

[መክፈቻ፦ የደሴ ጠዋት፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ከዚያ የላፕቶፕ ስክሪን።]

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ቡናው ፈልቷል፣ ጀባ ብያችኋለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ስዋፕ ነው፤ ራም የሚባለው የማሽኑ የሥራ ሜሞሪ ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያግዘው ትርፍ ቦታ። ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ቀን ይገጥማችኋል።

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ትንሽ ቢሮ ተደወለልኝ። ሰርቨራቸውን የማየው እኔ ነኝ። ያረጀ ማሽን ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ስዋፑ 2 ጊጋ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፣ ሁሉም ሰላም መሰለ። 4 ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ቀጥ አለ። አስነሱት። 6 ሰዓት ላይ እንደገና ቀጥ አለ። የሂሳብ ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ደሞዝ ዛሬ መዝጋት አለብኝ» አለችኝ። ድምጿ ጭንቅ ብሎታል። «አብሽሪ፣ እናየዋለን» አልኳት።

[ስክሪን፦ የዌብሚን መነሻ ገጽ]

ዌብሚንን ከፈትኩ። በብራውዘር የሚሠራ የሰርቨር ማስተዳደሪያ ነው፤ ካልቀየራችሁት በፖርት 10000 ይገኛል። መነሻ ገጹ ላይ «ሪል ሜሞሪ» የሚለው ራሙ ነው። «ቨርቹዋል ሜሞሪ» የሚለው ደግሞ ስዋፑ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያደናግራል፣ ልብ በሉት። የኔ ራም ጢም ብሏል። ስዋፑ ግን የለም። ያ 2 ጊጋ የት ገባ?

እስቲ ሰኞ ገበያ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አስቡ። መደርደሪያው ራም ነው፣ ጓዳው ስዋፕ። ለጊዜው የማይፈለግ ዕቃ ጓዳ ይገባል፣ መደርደሪያው ላይ ቦታ ይለቀቃል። ጓዳው ሩቅ ነው፤ ራም በናኖ ሰከንድ የሚመልሰውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚመልሰው። ቢሆንም ጓዳ ያላት ሱቅ ዕቃ ሲበዛባት አትጨነቅም። ጓዳ ከሌለ ግን አንድ ነገር ውጭ መጣል አለበት። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ራሙ ሲያልቅ ኦኦኤም ኪለር የሚባለው ይነሳና ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ዳታቤዙ ነው።

[ስክሪን፦ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ተርሚናል]

ስለዚህ መጀመሪያ «ዲመሴጅ» ብላችሁ የከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ መልእክት አንብቡ። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ካለ ገዳዩ ታወቀ። ቀጥሎ «ስዋፕኦን»፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሾው»። በሥራ ላይ ያለ ስዋፕ ካለ መጠኑንና የተያዘውን ያሳያችኋል። ለኔ ምንም አልመለሰም። ባዶ።

አሁን ወደ ዌብሚን እንመለስ። «ዲስክ ኤንድ ኔትወርክ ፋይልሲስተምስ» የሚለውን ክፈቱ። የስዋፑን መስመር ፈልጉ። እዚያ ሁለት ዓምዶች አሉ፣ እኔ በጣም የምወዳቸው ናቸው። «ኢን ዩዝ» አሁን እየሠራ ነው ወይ ይላል። «ሴቭድ» ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ እንዲያበራው ተመዝግቧል ወይ ይላል። እየሠራ ነገር ግን ካልተመዘገበ፣ ዛሬ ደህና ናችሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ስዋፑ አብሮ አይመጣም። የኔ ተቃራኒው ነበር። ተመዝግቧል፣ ግን አይሠራም።

ለምን? መዝገቡ «ኤፍኤስታብ» የሚባለው ፋይል ነው። ስዋፑን የሚጠራው ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው። «ቢኤልኬአይዲ» ብላችሁ የዲስኩን እውነተኛ መለያ አውጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ። የኔዎቹ አልገጠሙም። ከወራት በፊት ዲስኩን ስከፋፍል «ሜክስዋፕ» አድርጌ ነበር፤ የስዋፕ ቦታ የሚያዘጋጅ ትእዛዝ ነው። ሜክስዋፕ በተደረገ ቁጥር፣ ካላስቆሙት በቀር፣ አዲስ መለያ ይወጣል። ያኔ ስዋፑን በእጄ አበራሁት፣ መዝገቡን ግን አላስተካከልኩም። ማሽኑ ለወራት ስላልጠፋ ችግሩ ተኝቶ ቆየ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ለሠራተኛዋም ነገርኳት።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ሰርቨራችሁ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ኤፍኤስታብን ጠርጥሩ። ማሽኑ ሲነሳ ሁሉን የሚያስነሳው ሲስተምዲ የሌለ መለያ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ኤፍኤስታብን ቅጂ አስቀምጡ፣ መለያውን አርሙ፣ «ስዋፕኦን»፣ ሰረዝ፣ «ኤ» በሉ። ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም። «ፍሪ»፣ ሰረዝ፣ «ኤች» ስል 2 ጊጋዬ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።

ስዋፓችሁ የዲስክ ክፍልፍል ሳይሆን ፋይል ከሆነ፣ ፈቃዱ 600 ይሁን፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበውና እንዲጽፍበት ማለት ነው። «ሆልስ» የሚል ስሕተት ካመጣ ፋይሉ ውስጥ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ አጥፍታችሁ ፋይሉን ሞልቶ በሚጽፈው «ዲዲ» ትእዛዝ እንደገና ሥሩት። የተከራያችሁት ሰርቨር ኮንቴይነር፣ ማለትም የሌላ ማሽን ከርነል ተጋርቶ የሚሠራ፣ ከሆነና ስዋፕኦን ፈቃድ ከከለከላችሁ ደግሞ አትድከሙ። ስዋፑ በባለቤቱ ማሽን እጅ ነው፤ ጠይቋቸው።

[ስክሪን፦ ቀይ የሆነ የስዋፕ መለኪያ]

አሁን ሰው በከንቱ ወደሚጨነቅበት ነገር እንምጣ። «ስዋፑ 90 በመቶ ሞልቷል፣ ሰርቨሩ ሊሞት ነው» ይሉኛል። ጓዳ ሞላ ማለት ሱቁ ታመመ ማለት አይደለም። ማንም የማይጠይቀው ዕቃ ለወር ጓዳ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ሻጩ በየደንበኛው ወደ ጓዳ ሲሮጥ ነው። ሩጫውን ለማየት «ቪኤምስታት 1» በሉ። በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጽፋል። «ኤስአይ» ከስዋፕ የሚመለሰው ነው፣ «ኤስኦ» ወደ ስዋፕ የሚወጣው። የመጀመሪያውን መስመር ዝለሉት፤ እሱ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። የቀሩት ዜሮ ዜሮ ከሆኑ ቡናችሁን ጠጡ። ሁለቱም ያለማቋረጥ ትልቅ ቁጥር ካሳዩ ግን ራም አንሷችኋል። ራም ጨምሩ፣ ወይም የዳታቤዙን ድርሻ ቀንሱ። «ስዋፒነስ» የሚባለውን፣ ሊኑክስ ወደ ስዋፕ ለመሄድ ያለውን ዝንባሌ የሚወስነውን ቁጥር፣ ከተለመደው 60 ወደ 10 ማውረድ ያግዛል፣ የጎደለ ራም ግን አይተካም።

መለኪያው ደስ እንዲል ብላችሁ «ስዋፕኦፍ» ብላችሁ ስዋፑን አታጥፉ። ስዋፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ራም መመለስ አለበት። ቦታ ከሌለ በገዛ እጃችሁ ያንኑ ገዳይ ልትጠሩት ትችላላችሁ።

እኛ ደሞዙ እስኪዘጋ ጠበቅን። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ሰርቨሩን በራሴ እጅ አጥፍቼ አስነሳሁት። ኢን ዩዝ፦ አዎ። ሴቭድ፦ አዎ። ለሠራተኛዋ ደውዬ «ቢጠፋም ይመለሳል» አልኳት።