የኮሪያኛ ሰዋስው ለጀማሪ፦ አማርኛችን የት ያግዘናል፣ የት ያሳስተናል?

ጤና ይስጥልን። ኮሪያኛ ልማር ብሎ የተነሳ አማርኛ ተናጋሪ ገና ሳይጀምር አንድ ነገር አትርፏል፦ የቃላት ቅደም ተከተል። «ሚንሱ ውሃ ይጠጣል» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ ኮሪያኛም እንደዚሁ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሚንሱ-ንን ሙል-እል ማሸዮ)

ድምፁን በእኛ ፊደል የጻፍነው ለጆሮ እንዲቀል ብቻ ነው፤ ጭረቱም ቃሉና ቅጥያው የት እንደሚገናኙ ያሳያል። የኮሪያን ፊደል፣ ሃንግልን፣ ግን ሳትለዩ ወደ ሰዋስው አትግቡ። መሠረታዊዎቹ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ ናቸው። አሁን ከምናየው ሕግ ብዙው አናባቢውን በመለየት ላይ የቆመ ነው።

ከግሡ እንጀምር። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚዞረው፦ እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳሉ። በኮሪያኛ «ጋዮ» ሁሉንም ይሸፍናል። ማን እንደሚሄድ ከወሬው ይታወቃል፤ መጨረሻውን ከፍ አድርጋችሁ ካላችሁት ደግሞ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ በየዓረፍተ ነገሩ «ጀ-ንን»፣ ማለትም «እኔ» እያላችሁ አትድከሙ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሳልዳ፣ መክታ፣ ማሺዳ)

መዝገበ ቃላት ላይ ግሥ ሁሉ በ«ዳ» ይጻፋል፤ አንዳንዴ ሲነበብ «ታ» ይሆናል። እሷን ቁረጡና የቀረውን ግንድ የመጨረሻ አናባቢ እዩ። «አ» ወይም «ኦ» ከሆነ «አዮ»፣ ሌላ ከሆነ «ኧዮ» ጨምሩ። ሳልዳ፣ መኖር፣ «ሳራዮ» ይሆናል፤ መክታ፣ መብላት፣ «መገዮ»። ግንዱ በአናባቢ ካለቀ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ይዋሃዳሉ፦ ኦዳ፣ መምጣት፣ «ዋዮ»፤ ማሺዳ፣ መጠጣት፣ «ማሸዮ»። ጀማሪ «ማሺኧዮ» ብሎ ሳያዋህድ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። «ሃዳ»፣ ማድረግ፣ ከሕጉ ወጥቶ «ሄዮ» ይሆናል። አፈንጋጮችም አሉ፤ ቹብታ፣ መብረድ፣ «ቹወዮ» ነው እንጂ «ቹበዮ» አይደለም። እነዚህን እየተገናኛችኋቸው ያዙ፤ ዝርዝር መሸምደድ አያዋጣም።

ወደ ቅጥያዎቹ እንለፍ። ተሳቢን የሚያመለክተው «እል» ከተነባቢ በኋላ፣ «ርል» ከአናባቢ በኋላ ይመጣል፦ ሙል-እል፣ ውሃ፤ ከፒ-ርል፣ ቡና። አማርኛ የሚያሳስተን እዚህ ነው። የእኛ «ን» የሚመጣው ነገሩ ሲታወቅ ነው፤ «ውሃ ጠጣሁ»፣ «ውሃውን ጠጣሁ» እንላለን። ኮሪያኛ ይህን አይለይም፤ የታወቀም ያልታወቀም ውሃ «እል» ይወስዳል። በንግግር ቢጥሉትም በጽሑፍ ጻፉት።

«አለኝ» ላይ ግን አማርኛ ይታደገናል። «መጽሐፍ አለኝ» ስንል መጽሐፉ ተሳቢ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ኮሪያኛም «ቼግ-ኢ ኢሰዮ» ይላል፤ «ኢ» የባለቤት ቅጥያ ነው፣ ከአናባቢ በኋላ «ጋ» ይሆናል። «ቼግ-እል ኢሰዮ» ስህተት ነው። የለኝም ለማለት «ኧፕሰዮ»።

«እን» ወይም «ንን» ደግሞ ወሬው ስለምን እንደሆነ ያስቀምጣል። «ሚንሱ ሺ-ንንዮ?» ማለት «ሚንሱስ?» ነው («ሺ» ከስም በኋላ የሚመጣ ማክበሪያ ነው)፤ ለጊዜው በዚህ ያዙት። «ማን መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ «ጋ» ወይም «ኢ» ይይዛል። ከዚህ የጠለቀውን ልዩነት በመጀመሪያው ወር ባትነኩት ይሻላል።

ቦታ ላይ ሁለት ቅጥያ አለ። ለመድረሻ «ኤ»፣ ሥራው ለሚሠራበት ቦታ «ኤሰ»። «ጂብ-ኤ ጋዮ»፣ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ «ጂብ-ኤሰ መገዮ»፣ ቤት ውስጥ እበላለሁ። (ጂብ ቤት ነው፤ ጅቡን እርሱት።)

ጊዜ ወስዳችሁ ልታዩት የሚገባው አክብሮት ነው። በአማርኛ አንቱታው ለሚወራለት ሰው ነው፤ ለጓደኛችንም ሲሆን «አያቴ ይሄዳሉ» እንላለን። ኮሪያኛ ሁለት ሰው ይመዝናል፦ የሚወራለትንና የሚሰማውን። ለሚወራለት ግንዱ ላይ «ሺ» ይጨመራል፣ ለሚሰማው መጨረሻ ላይ «ዮ»።

(በስክሪኑ ላይ፦ ጋሸ፣ ጋዮ፣ ጋሴዮ)

ስለ አያታችሁ ለጓደኛ ስታወሩ «ሃራበጂ-ጋ ጋሸ»፤ «ሺ» አለ፣ «ዮ» የለም። ስለ ታናሽ ወንድማችሁ ለአስተማሪ ከሆነ «ቶንግሴንግ-ኢ ጋዮ»፤ «ዮ» ብቻ። ስለ አያት ለአስተማሪ፣ ሁለቱም ተዋህደው «ጋሴዮ»። «ጀ-ንን ጋሴዮ» ካላችሁ ራሳችሁን አንቱ አላችሁ። መዝገበ ቃላት «አንተ» ብሎ የሚሰጣችሁን «ታንግሺን» ለማታውቁት ሰው አትጠቀሙ፤ ጠብ ሊመስል ይችላል። ስሙን ጠርታችሁ «ሺ» አስከትሉ፤ ይህኛው «ሺ» ጠበቅ ብሎ ነው የሚነገረው፣ ከግሡ «ሺ» የተለየ ነው።

ያለፈ ጊዜ ከያዛችሁት ይወጣል። ከ«ዮ» ቅርጹ «ዮ»ን አንሱና «ሰዮ» ተኩ፦ መገዮ «መገሰዮ»፣ ማሸዮ «ማሸሰዮ»፣ ሄዮ «ሄሰዮ»፣ አፈንጋጩ ቹወዮም «ቹወሰዮ»። ጋዮ «ጋሰዮ» ይሆናል፤ «ሰ»ን ጠበቅ አድርጉ፣ አናባቢዋንም ወደ «ሴ» አታንሸራትቱ። «ጋሰዮ» ሄድኩ ነው፤ «ጋሴዮ» ካላችሁ ሰሚው ሂዱ ያላችሁት ሊመስለው ይችላል።