የናፍጣ መኪና ካሳ፦ ሊብሬያችሁን ለማንም አትስጡ

የዛሬው የተሽከርካሪ ሰዓታችን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስልክ የሚደውልልን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። «የቮልስዋገን ናፍጣ መኪና ያለው ሰው ከጀርመን ካሳ ይከፈለዋል» የሚል ወሬ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በየጋራዡ ይዞራል። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ካሳው እውነት ተከፍሏል። ለማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ነው ተቆርጦ የቀረው። እሱ በቀረበት ክፍተት ደግሞ ደላላ ገብቷል። ስለዚህ የዛሬውን ሰዓት ሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ከለገጣፎ፦ ለመሆኑ ቮልስዋገን ምን አጥፍቶ ነው የሚክሰው?

መስከረም 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለኩባንያው «ሕግ ጥሰሃል» የሚል ደብዳቤ ሰጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ለጭስ ምርመራ ሲቀርብ ጎማው ሮለር ላይ ይሽከረከራል፣ መሪው ግን አይዞርም። ቮልስዋገን በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የጫነው ፕሮግራም የመሪውን ሁኔታ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየር ግፊቱን አይቶ ምርመራ ላይ መሆኑን ያውቃል። ያኔ የጭስ ማጽጃው በሙሉ አቅሙ ይሠራል። መኪናው ወደ መንገድ ሲወጣ ማጽጃው ይቀንሳል። በመንገድ ላይ የሚለቀው ናይትሮጅን ኦክሳይድ አሜሪካ ከምትፈቅደው እስከ 40 እጥፍ ደርሶ ተገኘ። ይህ ጋዝ የመተንፈሻ አካልን የሚያቃጥል፣ አስም ያለበትን ሰው የሚያሠቃይ ነው። ፕሮግራሙ በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ እንደነበረ ኩባንያው ራሱ አምኗል፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ማርቲን ቪንተርኮርንም ሳምንት ሳይሞላ ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

ጉዳዩን ፈልፍለው ያወጡት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ እየነዱ ለኩት። ሮለር ላይ ጨዋ የሚመስለውን መኪና መንገድ ላይ ያዙት።

ከኮዬ ፈጬ፦ የእኔ አይዲ 4 ኤሌክትሪክ ነው፤ ቮልስዋገን ስለሆነ ካሳ ይመለከተኛል?

አይመለከትሽም እህቴ፤ ጉዳዩ የናፍጣ ሞተር ብቻ ነው። ሊብሬው በስምሽ ካልዞረ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ አዙሪ።

ከቡራዩ፦ ስንት ነው የተከፈለው? ለማንስ?

አገር በአገር ነው የሄደው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረሰው ስምምነት ባለቤቱ መኪናውን መልሶ መሸጥ ወይም ማስጠገን ይችል ነበር፤ በዚያ ላይ አብዛኛው ባለቤት ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ተጨምሮለታል። የማመልከቻው ጊዜ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2018 ተዘግቷል። ጀርመን ውስጥ በጋራ ለከሰሱት እ.ኤ.አ. በ2020 በድምሩ 830 ሚሊዮን ዩሮ ተመደበ፤ ለአንድ ሰው እንደ መኪናው ዓይነትና ዕድሜ ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ ደረሰው፣ መኪናውም እጁ ላይ ቀረ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለ91,000 ያህል ከሳሾች እ.ኤ.አ. በ2022 193 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሏል።

አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንድ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ያገለገለ ሻራን በ31,490 ዩሮ ገዛ። ክሱ እስከ አገሪቱ የመጨረሻ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 መኪናውን መልሶ 25,616 ዩሮ እንዲወስድ ተፈረደለት። ልዩነቱ የነዳበት ተሰልቶ የተቀነሰ ነው። ልብ በሉ፣ አዲስ አልነበረም የገዛው። ያገለገለ የገዛም ይካሳል፤ ግን በስሙ የተጻፈ የሽያጭ ውል በእጁ ነበረ፣ በጊዜውም ከሰሰ። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ላለው ክስ መደበኛው የጊዜ ገደብ ጉዳዩ ከታወቀበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኩባንያው በቸልተኝነት ብቻ አጥፍቶም ቢሆን ገዢው ከመኪናው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊካስ እንደሚችል ያው ፍርድ ቤት ወስኗል።

የተከፈለው ሁሉ በዚያ አገር ለገዛ፣ በስሙ ሰነድ ላለው፣ ጊዜው ሳያልፍ ለጠየቀ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ቆሞ ያለ መኪና ወደብ አቋርጦ ስለመጣ ብቻ ገንዘብ ይዞ አይመጣም።

ከሰበታ፦ ጀርመን ያለው ወንድሜ ካሳውን ከተቀበለ በኋላ ነው መኪናውን የላከልኝ። ድርሻ አለኝ?

የለህም ልጄ። ሲገዛ የተታለለው እሱ ነው፣ የተካሰውም እሱ። ወንድምህን በዚህ አትጣላው።

ከሱሉልታ፦ ከጀርመን ስመለስ ቲጓን ናፍጣ ይዤ መጣሁ። እዚያ እያለሁ ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካክሎልኛል። አሁን ንጹሕ ነው ማለት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት፣ መልሱም ያስገርምዎታል። ከማስተካከያው በኋላም ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዷል። በማስተካከያው መሠረት ጭሱን ወደ ሞተሩ መልሶ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚቀንሰው ክፍል፣ መካኒኮቻችን ኢጂአር የሚሉት፣ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው የውጩ ሙቀት ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሲሆንና መኪናው ከ1,000 ሜትር ከፍታ በታች ሲነዳ ነበር። ከ1,000 ሜትር በላይ እየቀነሰ ሄዶ 1,250 ላይ ዜሮ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2022 ይህም የተከለከለ ማጭበርበሪያ ነው ብሏል።

እንግዲህ የእኛን አገር ያስቡት። አቃቂ ሜዳ ላይ እንኳ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ እንጦጦን ተሻግረው ነው የሚመላለሱት፣ ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ 15 ዲግሪ አይሞላም። መኪናዎ እንዲህ ዓይነቱን ማስተካከያ ያገኘ ከሆነ የጭስ ማጽጃው እዚህ አገር አንድም ቀን በአግባቡ አልሠራም ማለት ነው። በአውሮፓ የተፈረደው ለአውሮፓ አየር ነው፤ የሱሉልታን አየር የሚተነፍሱት ግን የእርስዎ ልጆች ናቸው። ይህን ስናገር ያመኛል።

የመኪናው ጉልበት ዳገት ላይ ከቀነሰ ግን ሁሉንም በሶፍትዌር አያሳብቡ። ቱርቦው፣ የናፍጣ ፊልትሮው፣ ኢንጀክተሩ ይታይ። በስልክ ሞተር አይመረመርም፤ ስካነር ያለው ጋራዥ ይውሰዱት።

ከገላን፦ አንድ ሰው «ካሳህን አስፈጽምልሃለሁ» ብሎ ሊብሬዬን፣ የፓስፖርቴን ኮፒ፣ 15,000 ብርና ውክልና ጠየቀኝ። ውክልናውን ሰጥቼዋለሁ፣ ብሩን ገና ነኝ። መኪናውም ገና በስሜ አልዞረም፤ እኔም በውክልና ነው የገዛሁት።

ወንድሜ፣ ብሩን እንዳትሰጥ። ውክልናውን ነገ ጠዋት አስነሣው። እሱን ከሰጠኸው ሰው ጋር ለመነጋገር፣ ለመሸማገል፣ «እስኪ ልየው» ለማለት ጊዜ አታባክን። ውልና ማስረጃ ሄደህ ሻረው፣ መሻሩን በጽሑፍ አሳውቀው፣ የመኪናው ፋይል ያለበት መንገድ ትራንስፖርትም ኮፒውን አስገባ። በዚያ ወረቀት ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስሜ ገንዘብ መቀበል» የሚል ካለ ሰውዬው ከጀርመን ካሳ አይጠብቅም፤ የአንተን መኪና ነው የሚሸጠው። ካሳ የሚያስከፍል እውነተኛ ጠበቃ ዋናውን ሊብሬ ወስዶ ኪሱ አይከትም። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ክሶችን የያዙ ብዙ ጠበቆች ካሸነፉ ከካሳው ነው ድርሻቸውን የሚወስዱት እንጂ ገላን ድረስ መጥተው 15,000 ብር አይሰበስቡም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ሌሎቻችሁም ስሙኝ፤ ይህን ሳልናገር ያለፍኩበት ፕሮግራም ያለ አይመስለኝም። መኪና በውክልና አይገዛም! የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለማዳን፣ «ቶሎ እሸጠዋለሁ» በማለት፣ ደላላው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ስላለ፣ ሰው በስንት ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጥለዋል። ውክልና ባለቤትነት አይደለም። የሰው ጉዳይ የመፈጸም ፈቃድ ነው። ወካዩ በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ወካዩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ወራሾቹ መጥተው «የአባታችን መኪና» ቢሉ ምን ይዘህ ትከራከራለህ? ባለዕዳ ከሆነ አበዳሪው መኪናውን ያስይዘዋል፣ ምክንያቱም በመዝገብ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። ትዳር ካለውና ሚስቱ ካልፈረመች ሌላ ክርክር ይጠብቅሃል።

ሻጭም የዳነ አይምሰለው። በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት ሚኒባሳቸውን በውክልና ሸጡ። የገዛው ለሌላ ወከለ፣ ያም ለሌላ። መኪናው ሰው ገጨ፣ ሾፌሩ ተሰወረ። መጥሪያው የደረሰው ቤታቸው ቁጭ ብለው እህል ለሚያስፈጩት አባት ነው። በሕጋችን መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ደግሞ የእሳቸው ስም ነበር። እኚያ አባት ከሸጡት መኪና ያገኙትን ገንዘብ ለጠበቃ ጨረሱት።

ስለዚህ አንተ የገላኑ፣ ሁለት ሥራ አለብህ። የሰጠኸውን ውክልና ሻር። ከዚያ የሸጠልህን ሰው ፈልገህ፣ ባለትዳር ከሆነ ከነባለቤቱ፣ ስሙን አዙር። ሰውየውን ካጣኸው ወይም እንቢ ካለህ የተፈራረማችሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የባንክ ደረሰኙንም ሰብስበህ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ስሙ ያልዞረ መኪና ይዞ ስለ ካሳ ማሰብ ከቶ አይቻልም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ቶዮታም አጭበርብሯል ይባላል። አባዱላ አለኝ፣ ይመለከተኛል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወጣው ዜና እህት ኩባንያው ቶዮታ ኢንዱስትሪስ ለቶዮታ የሚሠራቸውን ናፍጣ ሞተሮች የሚመለከት ነው፦ 1ጂዲ፣ 2ጂዲና ኤፍ33ኤ። ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር 300 እና ሃያስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። የተጭበረበረው ጉልበት ሲለካ ነው፤ ለሙከራው የተጠቀሙበት የኮምፒውተር ሶፍትዌር ለገበያ በሚወጣው መኪና ላይ ካለው የተለየ ነበር፣ ውጤቱ እንዳይዋዥቅ። ቶዮታ መኪናውን መንዳት ማቆም አያስፈልግም ብሏል። የድሮው አባዱላ 2ኬዲ ሞተር ያለው ከሆነ ከነዚህ ውስጥ የለበትም። እና እባክህ፣ «የቶዮታ ካሳ» የሚል ደላላ ከመጣም ሊብሬህን እንዳትሰጠው።

ከአቃቂ፦ መካኒኬ ለቦሎ ቀን የናፍጣ ፖምፓውን ይቀንስልኛል፣ ምርመራውን ሳልፍ መልሶ ይጨምረዋል። ችግር አለው?

ቮልስዋገን በኮምፒውተር ያደረገውን እርስዎ በመፍቻ እያደረጉት ነው። በምርመራ ቀን ንጹሕ፣ በሌላው ቀን ጥቁር ጭስ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ደምድሟል። የቃሊቲን መንገድ ጠዋት ያየ ሰው፣ ከትልልቅ መኪኖች ጭስ ሥር ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎችን ያየ፣ ይህን «ትንሽ ነገር» ሊለው አይገባም። ፖምፓውን በልኩ ያስተካክሉት፣ እዚያው ይተዉት። ጭሱ አልጠራ ካለ ኢንጀክተሩ ወይም የአየር ፊልትሮው ነው የሚጮኸው። የጭስ ማጣሪያውን ውስጡን ጠርበው የሚያስወጡም አላችሁ፤ እሱንም ተዉ። በተዘጋ ግቢና ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማሞቅ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል፤ በር ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጡት።

ከለገጣፎ፦ ያስመጣውን ነጋዴ እዚህ አገር መክሰስ እችላለሁ?

ለሸጠልህ ሰው ሕጋችን ግዴታ ጥሎበታል። የተሸጠ ዕቃ ጉድለት ካለበት ገዢው ሳይዘገይ መርምሮ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን ካልጠየቀ፣ ሻጩ አታልሎ ካላዘገየው በስተቀር፣ መብቱን ያጣል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም አለ፣ ቁጥር 813/2006። ውሉን፣ ደረሰኙንና ዲክላራሲዮኑን ይዘህ ጠበቃ አማክር። በቃል የተባለ ብቻ ከሆነ ግን ይከብድሃል።

ከቡራዩ፦ መኪናዬ ውስጥ ያ ሞተር መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

ሞተሩ ኢኤ189 ይባላል፤ ከቮልስዋገን ሌላ አውዲ፣ ስኮዳና ሴያት ውስጥም ገብቷል። በሰርቪስ መጽሐፉና ከኋላ በሻንጣው ወለል ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሞተሩን ኮድ ይዟል። ፎቶ አንሺውና የሻንሲ ቁጥሩን ጨምረሽ ለሚያውቅ መካኒክ አሳዪው። ሊብሬውን ግን ቤት ተዪው፤ ለዚህ አያስፈልግም።