ትኩስ ሩዝ በሰንበት

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምቀዳው ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ማእድ ቤቴ ውስጥ ፕላታው፣ ማለትም አርብ ተሰክቶ የሰንበትን ምግብ ሳይቀዘቅዝ የሚያቆየው የኤሌክትሪክ ብረት፣ ገና አልተሰካም። እሱን ባየሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች፤ ዛሬ ስለ እሷና ስለ አንድ ሰሃን ሩዝ ላወራችሁ ነው።

እስራኤል የገባነው ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በተጀመረው፣ እኛን ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ በአውሮፕላን ባጓጓዘው ዘመቻ ሰለሞን ነው። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሆቴል ውስጥ አሳረፉን። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ ሩዝ ከዶሮ ጋር ቀረበልን። አያቴ አልበላችም። መዳፏን ከሰሃኑ በላይ ዘርግታ ቆየች፤ እንፋሎቱ ሲነካት እጇን ሰበሰበችና ወደ እናቴ ዞረች።

«ይህ ቤት የአይሁድ ነው አላላችሁኝም?»

ሰሃኑን ገፋ አደረገች። እኔ ልጅ ነበርኩና የራሴን ጨርሼ የእሷን መመልከት ጀመርኩ።

ጎንደር፣ መንደራችን ውስጥ፣ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል። ፍሙ ላይ ውኃ ይረጫል፤ ያ የረጠበ አመድ ሽታ ለእኔ እስከ ዛሬ የሰንበት ሽታ ነው። ዳቦው አስቀድሞ ተጋግሯል። ቅዳሜ ጠዋት መስጊድ ይወሰድና ቄሱ ባርኮ ይቆርሰዋል። (አዎ፣ ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታችንን መስጊድ ነው የምንለው፤ መስገጃ ማለት ነውና አትደናገሩ።) ቡና ማፍላት የለም፣ ወጥ ማሞቅ የለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል፤ አያቶቻችንም ቃሉን እንዳለ ያዙት።

ሌላ አገር የነበሩት ረቢዎች ደግሞ የተከለከለው ማቀጣጠሉ ነው፣ አርብ የነደደው ቢቆይ ግን ችግር የለበትም አሉ። ክርክራቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ200 ዓ.ም. ገደማ በተሰበሰበው የሕግ መጽሐፋቸው በሚሽና፣ ከዚያም እሱን በሚያብራራው በታልሙድ ሰፈረ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ታልሙድ ግን ስሜን ተራሮች አልደረሰም። ስለዚህ አያቴ የሰንበት እሳት ስታይ ሕግ ሲጣስ ያየች መሰላት። በእሷ መጽሐፍ ደግሞ ልክ ነበረች።

በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪ የሚባል፣ በኦቶማን ግዛት በኤዲርኔ የተወለደ ምሁር፣ ፓሪስ በሚገኝ የአይሁድ ማኅበር ተልኮ ወደ ቤተ እስራኤል መጣ። እኔም እንደ እናንተ ነኝ አላቸው። አላመኑትም። ከእሱ በፊት ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጧቸው የሚሹ ፈረንጅ ሚስዮናውያን መጥተው ነበር፤ ደግሞስ ነጭ ፈላሻ ምን ዓይነት ነው? (ቃሉ ስድባችን ነው፤ ታሪኩ ስለሚያስገድደኝ ነው የጠራሁት።) ጥርጣሬያቸው የተገፈፈው ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም ከአፉ ሲሰሙ ነው። አንድ ስም በቃቸው።

ያን ጊዜ ፈታኞቹ እኛ ነበርን። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈተናው ሲገለበጥ ግን አንድ ስም አልበቃም። ከእስራኤል ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 መንግሥት አይሁዶች እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው በመመለስ ሕግ ተቀበለን። ሆኖም የረቢዎቹ ምክር ቤት አይሁዳዊነታችሁ እንዳያጠራጥር በሚል፣ ሃይማኖቱን አዲስ እንደሚቀበል ሰው በውኃ ተነክራችሁ ግቡ አለ። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ውስጥ በምክር ቤቱ ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ከቦምቤይ አካባቢ የመጡት የሕንድ አይሁዶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር፤ አይሁዳዊነታቸው ያለ ጥርጥር የተረጋገጠላቸው በ1964 ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጠየቁ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አባቶቻችንም ሃሌቪን ጠይቀዋል። እነሱ ግን መልሱን ሲሰሙ እንደ ወገናቸው ተቀበሉት፤ ሂድና ታጠብ አላሉትም።

ባለፈው ዓመት ራምላ ወደሚገኘው የካራይት ምኩራብ ሄጄ ነበር። ካራይት የሚባሉት መሠረታቸው በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይጀምራል የሚባል፣ ታልሙድን የማይቀበሉ አይሁዶች ናቸው፤ የራምላዎቹ አብዛኞቹ ከግብፅ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ሲጸልዩ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። በጥንቱ ሥርዓታቸውም የሰንበት ሌሊት ቤታቸው ጨለማ ነበር። አያቴ ብትገባ ጫማሽን አውልቂ የሚላት አያስፈልጋትም ነበር። እኔ ግን የካልሲዬ ቀዳዳ አሳፍሮኝ ጥግ ላይ ቆምኩ።

አያቴ እስክታርፍ ድረስ ትኩስ ነገር በሰንበት አልቀመሰችም። ሰሃኗን መስኮት ላይ ታስቀምጥና እንፋሎቱ እስኪጠፋ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እናቴ ልታበሽቃት ብላ «እማዬ፣ ቢቀዘቅዝም እኮ እሳት ነክቶታል» አለቻት።

አያቴ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ያነደድኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ የምበላው ቀዝቃዛውን ነው» ብላ መለሰች።

ታልሙድን በስሙ እንኳን የማታውቅ ሴት! በዚያ መልስ ብቻ ረቢዎቹ መካከል ቢያስቀምጧት አታፍርም።

በሉ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ልጄ ፕላታውን ሰክታለች። የእኔ ዳቦ ግን መስኮቱ ላይ ነው።